ሃመሶን ቀብረነው ነበር

ልጅ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ያፈሰስኩትን እንባ ውሸት አድርገውብኛል፤ ይኸው እስከ ዛሬ ነገሩን ሳነሳው ድምፄ ከፍ ይላል። «በተረት ደግሞ ሰው ቂም ይይዛል?» እያሉ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

ሽማግሌው ጋሽ ዳንጊሶ ይባላሉ። ከሐይቁ በላይ ባለው ታቦር ኮረብታ ላይ፣ ከእኛ ግቢ በአጥር ብቻ የሚለየው ቤት የእሳቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ አናጢ ስለነበሩ ከልብሳቸው ላይ ሰጋቱራ አይጠፋም ነበር። ያኔ አመሻሽ ላይ መብራት በሄደ ቁጥር ፋኖሳቸውን በረንዳው ላይ ሰቅለው፣ ከሰሉን አቀጣጥለው፣ የሰፈሩን ልጆች ዙሪያቸውን አስቀምጠው የበቆሎ እሸት እየጠበሱ ያወሩልን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ፍሙ ላይ ጧ የምትለዋ ፍሬ እያስደነገጠችን፣ እኛ ግን ንቅንቅ አንልም። ታሪኩ አንድ ነው፤ በተሰበሰብን ቁጥር ይቀጥላል። ሃመሶ የሚባል ሰዎችን በጀልባ ሐይቁን የሚያሻግር ጎረምሳ ነበር፤ ከአንዲት ጉማሬ ጋር ሲጣላና ሲታረቅ ወራት አለፉ።

ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ሕግ ነበራቸው። አንድ ልጅ ተነስቶ ባለፈው የት እንደቆምን ሳይናገር ታሪኩ አይቀጥልም። በሰንበት ትምህርት ቤት ጥቅስ በቃላችን እንደምንለው ሁሉ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነው። የተሳሳተ በቆሎ አይደርሰውም። ብዙውን ጊዜ የምነሳው እኔ ነበርኩ፤ «ምስክሬ፣ ተነሺ እስቲ» ይሉኛል። በቆሎውን ከማግኘቴ ይልቅ ይህ ስም ያኮራኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ታናሽ ወንድሜ ታምራት ታሞ ሞተ። ሊያጽናኑን የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ጌታ ጋ ነው ያለው፤ አይለቀስም» አሏት እናቴን፤ እሷም ያንኑ ለእኔ ነገረችኝ። ታዛዥ ልጅ ስለነበርኩ አላለቀስኩም። የታምራትን ጫማ ከአልጋው ሥር እያየሁ፣ ከንፈሬን እየነከስኩ ሁለት ወር ሙሉ ቆየሁ።

ከዚያ አንድ ማታ ሃመሶ ሞተ። የጉማሬዋ ግልገል መረብ ውስጥ ገብታ ስትጨነቅ አይቶ ዘለለ፤ መረቡን በቢላዋው ቆርጦ እሷን ነፃ አወጣና የገዛ እግሩ ተጠልፎ ቀረ። ሬሳውን ጉማሬዋ ራሷ እየገፋች ወደ ዳር አመጣችው፤ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ሾላ ዛፍ ሥር ቀበረው። ጋሽ ዳንጊሶ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። ከእኔ ታዲያ ያ የሁለት ወር እንባ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ወጣ፤ ለሃመሶ አለቀስኩ፣ ለታምራት አለቀስኩ፣ ልለያቸውም አልቻልኩም። ሽማግሌው ዝም በይ አላሉኝም። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ አብረውኝ ተቀመጡ። በሕይወቴ ከተደረጉልኝ መልካም ነገሮች አንዱ እንደነበር አልክድም።

በሳምንቱ መብራት ሄደ፤ ተሰበሰብን። «ምስክሬ፣ የት ነበርን?»

ተነሳሁ። «ሃመሶ ሞተ። ሾላው ሥር ቀበርነው» አልኩ።

«የለም፣ ተሳስተሻል» አሉ በቆሎውን እያገላበጡ። «ሃመሶ መቼ ሞተ? ዋናተኛ አይደል እንዴ! ቄጠማው ውስጥ ተደብቆ ነበር።»

«ቀብረነው ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም። እናንተስ፣ እንዲህ ብያለሁ?»

ልጆቹ በቆሎውን አዩ። ከዚያ አንድ በአንድ «አላሉም» አሉ። ባለፈው ሳምንት አጠገቤ ሲያለቅስ የነበረው ልጅ እንኳ «አላሉም» አለ። ቁጭ በይ ተባልኩ፤ በቆሎም አልደረሰኝም።

ቤት ገብቼ እናቴን «ታምራት የት ነው የተደበቀው?» አልኳት። እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች፤ መሬት ላይ ተቀመጠችና እሪ ብላ አለቀሰች። በማግስቱ ጋሽ ዳንጊሶ ጋ እንዳልሄድ ተከለከልኩ። ባትከለክለኝም አልሄድም ነበር።

ዛሬ እኔም ተራኪ ነኝ ማለት ይቻላል፤ በሥዕል የሚተረኩ ተከታታይ ታሪኮችን እየሳልኩ በትንንሽ መጽሐፍ አሳትማለሁ። ዋና ገጸ ባሕሪዬ ብርቄ የባጃጅ ሾፌር ነበረች፤ በዘጠነኛው ክፍል ሞተች። በቅርቡ ፒያሳ ቢሮ ያለው አሳታሚዬ ጠራኝና «አንባቢ እሷን ይፈልጋል፤ ሕልም ነበር በይና መልሻት። ዘጠነኛውንም ዳግመኛ አናትመውም፣ እንዳልነበረ ይሆናል» አለኝ። ወሬው ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቴሌግራም ተነታረኩ። ግማሾቹ የተነገረን ታሪክ መልሶ መቀየር የደካማ ጸሐፊ ምልክት ነው አሉ።

በእነሱም ተናደድኩ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ቀይሬአለሁ! ብርቄ በሁለተኛው ክፍል ለእናቷ አንድ ነበረች፤ በስድስተኛው ወንድም ተገኘላት፤ እናትየው ደብቃው ኖራለች። ያኔ አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ የእናትየዋን ዝምታ እንደ አዲስ አየው እንጂ ያየውን አላየህም አልተባለም። መቀየር ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ «ተሳስተሻል» ማለቱ ነው፤ የሰማን ሰው አልሰማህም፣ ያለቀሰን አላለቀስክም ማለት። ይህን የሚያደርግ ሰው ድክመቱ የብዕር ሳይሆን የወኔ ነው።

ይህን እያሰላሰልኩ ስበሽቅ በባጃጅ ወደ ታቦር ወጣሁ። ጋሽ ዳንጊሶ በጣም አርጅተዋል፤ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ «ጋሼ፣ ያኔ ሃመሶን ለምን አስነሱት?» አልኳቸው።

ወዲያው ገባቸው። «እናትሽ ናት የለመነችኝ» አሉ። «‹ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች፤ እባክዎ ሃመሶን ይመልሱላት› አለችኝ። ላንቺ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ከሃያ ዓመት በላይ ይዤው የኖርኩት ንዴት በዚህ ይበርድ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል። ባሰብኝ። «ታዲያ ‹ቀየርኩት› ለምን አላሉኝም? እኔን ውሸታም ከሚያደርጉኝ!»

«ተራኪ ተሳሳትኩ ካለ ማን ይሰማዋል?»

«እኔ እሰማዎት ነበር!»

ጋሽ ዳንጊሶ ፀሐይዋን በእጃቸው ከልለው ፊቴን አዩኝ። ከዚያ «ሾላው ሥር ነው የቀበርነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልክ ነበርሽ።»

ጉልበታቸውን ስሜ ተነሳሁ። በማግስቱ አሳታሚው ጋ ሄጄ ብርቄን እመልሳታለሁ አልኩት፤ ግን መጀመሪያው ገጽ ላይ «ብርቄ ሞታ ነበር፤ አንብባችኋል፣ አልቅሳችኋልም፤ ሐሳቤን የቀየርኩት እኔ ነኝ» ብዬ እንደምጽፍ ነገርኩት። «እንዲህ ብሎ የሚያሳትም ሞኝ የት አለ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሥዕሎቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ሌላ አሳታሚ ገና አላገኘሁም።

ከእነዚያ ማታዎች ምን ቀረልሽ ብባል፣ የጭሱ ሽታና የሽማግሌው እጅ ራሴ ላይ ሲያርፍ ቀርቶልኛል፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ንዴቱም እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ጋሽ ዳንጊሶ ልክ ነበርሽ ብለውኛል፣ እውነት ነው። ያን ማታ «አላሉም» ካሉት ልጆች ግን አንዱም ይህን ሊሰማ እዚያ አልነበረም።