ቀጭ ባለ ቁጥር ማሻአላህ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሰሞን ነው። ከሐሳቤ ያልወጣው ስለታመምኩ አይደለም፤ ሰው ይታመማል። የሚያበግነኝ ስሜን እንኳ ላልጠየቀኝ ሰው ወገቤን በፈቃዴ ማስረከቤ ነው።

የምንኖረው ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቻችን። አንድ ቀን የታጠበ ምንጣፍ ተሸክሜ ደረጃ ስወርድ ወገቤን ያዘኝ። ሕመሙ በቀኝ እግሬ እየተሳበ ይወርድና አውራ ጣቴን ያደነዝዘዋል። ጎረቤቴ ሰዓዳ "ሆስፒታል ሄደሽ ፓናዶል ልትቀበይ ነው? እዚሁ አጠገባችን ኾበር ወገብ የሚያሽ አንድ ያገራችን ልጅ አለ፤ በአንድ ቀን ነው የሚያስነሳሽ" አለችኝ።

ከሰዓዳ ጋር ሄድን። አል ዑለያ የሚባል የኾበር ሰፈር፣ ከሱቆች በላይ ያለ አፓርታማ ነው። ሳሎኑ በሴት ተሞልቷል። ብዙዎቹ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላቸው ልጆች ናቸው። ሆስፒታል ወረቀት ይጠይቃል፣ እሱ አይጠይቅም። እነሱ ምን ያድርጉ? እኔ ግን ኢቃማዬም የኢንሹራንስ ካርዴም ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።

"ዶክተር" ይሉታል። የምን ዶክተር እንደሆነ የጠየቀ የለም። ነጭ ጋውን ለብሷል፣ ግድግዳው ላይ የአፅም ሥዕል ለጥፏል፤ ይኸው ነው ትምህርቱ።

አገር ቤት ወጌሻ ሲያሸን ቀጭ ካለ "ገባ" እንላለን። እዚያም ያው ነው። የአንዷ አንገት ቀጭ ባለ ቁጥር ሳሎኑ በሙሉ "ማሻአላህ" ይላል። ድምፁ ያነሰባት ልጅ የኔ አልገባም ብላ እንዲደግምላት ስትለምነው አየሁ። እኔም ማሻአላህ ብያለሁ፣ ያውም ጮክ ብዬ።

ተራዬ ደርሶ ስለ ጣቴ ልነግረው ስጀምር "አትጨነቂ እህቴ፣ አጥንትሽ ራሱ ይነግረኛል" አለኝ። በጎኔ አስተኝቶ ጠመዘዘኝ። ወገቤ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ አወጣ። የዕለቱ ትልቁ ማሻአላህ የኔ ሆነ።

ደረጃውን ስንወርድ ሰዓዳ ከኋላዬ "አንቺ፣ ጫማሽስ?" አለች። ዞር ስል የቀኝ ነጠላ ጫማዬ ከኋላዬ፣ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ቀርቷል። መውለቁ አልተሰማኝም። እግሬን ቀና ላድርግ ብል እምቢ አለኝ፤ የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ። ተመልሰን ነገርነው። ሌላዋን እያስተኛ፣ ሕመሙ እየወጣ ስለሆነ ሐሙስ ነይ አለኝ።

ሐሙስን አልጠበቅኩም። ባለቤቴ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰደኝ። እዚያ ያገኘን አንድ ሱዳናዊ ሐኪም መቼ እንደጀመረኝ፣ ሽንቴን እቆጣጠር እንደሆነ ሳይቀር ጠየቀኝ፤ ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ ፈተሸኝ። የኤምአርአይ ፎቶው ሲታይ የወገቤ ዲስክ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል። በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ።

ያ ቀጭ የሚለው አጥንት ሲገባ ሳይሆን መጋጠሚያው ውስጥ ያለ አየር መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው። "የተማረና ፈቃድ ያለው ካይሮፕራክተር፣ የአከርካሪ አጥንት ባለሙያ፣ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ይመረምርሽ ነበር" አለኝ። "ደንዝዞኛል ስትዪው እጁን ሰብስቦ ወደኛ ይልክሽ ነበር። ለመሆኑ ፈቃዱን አይተሻል?"

አላየሁም አልኩት። እኔ ቲማቲም አንድ በአንድ አገላብጬ የምገዛ ሴት ነኝ።

ሰውየው እስከ ዛሬ ይጠመዝዛል፤ ሴቶቹም ያጅቡታል። እኔ መራመዱ ተመልሶልኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ስሰግድ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ከሱጁድ ስነሳ ግን የቀኝ እግሬ አውራ ጣት መሬቱን አይይዝልኝም። በቀን አምስት ጊዜ፣ መጀመሪያ ጌታዬን አመሰግናለሁ፣ ቀጥዬ በራሴ እናደዳለሁ።