ዘጠነኛው መራጭ

ባለቤቴ ፈጠነች ዕድሜዋን በመዝገብ ቤት የፈጀች ሴት ናት። ጡረታ ወጥታም ደንብ አልለቀቃትም፤ የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ከቦርሳዋ አይወጣም። መነጽሬን የትም ብጥል እንኳ አንቀጽ ትጠቅስብኛለች።

እድራችን እዚህ ሶዶ በዘጠኝ ቅያስ የተበተነ ነው። ተከራይ አይቀበልም፤ ይሄ ነገር ፈጠነችን ያንገበግባታል። ግቢያችን የተከራየችው ነርስ ሩታ የታመሙ አባቷን ከቦምቤ አምጥታ በአንዲት ክፍል ታስታምም ነበር። «ሰውየው አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይቆምላታል?» ትላለች ፈጠነች። ሊቀመንበራችን ጋሽ ገብረሥላሴ ግን «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም» ብለው ንቅንቅ አሉ ወይ! ስለዚህ ለወንበሩ ተወዳደረቻቸው።

ምርጫው ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ ሦስቴም ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ። ግማሹ ሰው ሻንቶ ገበያ፣ ግማሹ ሠርግ። እሷም በሽቃ የደንብ ማሻሻያ ጻፈች፤ ቤት ለቤት ዞራ አስፈረመች። ከየቅያሱ አንድ መራጭ ይወከል፣ ሊቀመንበሩን ዘጠኙ ይምረጡ አለች። «አገሪቱ ፕሬዚዳንቷን በምክር ቤት ነው የምትመርጠው፤ እኛ ከማን በለጥን?»

እውነቷን ነው፣ ዘጠኝ ሰው መሰብሰብ ይቀላል፤ ጩኸትም የለውም። «ግን እኮ የእኛ ቅያስ ሠላሳ አንድ ቤት ነው፣ የላይኛው አሥራ አንድ። እኩል አንድ አንድ ድምፅ?» ብላት «ደግፌ፣ አታድርቀኝ!» ብላ ዘጋችኝ። ድምፅ እኩል ከሆነ ነባሩ ይቀጥላል የሚለውንም ያስገባችው እሷ ናት። በገዛ እጇ!

የእኛ ቅያስ አናጺውን ሚልክያስን ወከለ። ሠላሳ አንዱም ቤት ፈጠነችን ምረጥ ብሎ ነው የላከው። የምርጫው ቅዳሜ እኔና እሷ ማልደን ወጣን። ስምንቱ መራጮች መጡ፤ ሚልክያስ የለም። ብንደውል ስልኩ ዝግ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን።

ጋሽ ገብረሥላሴ ሰዓታቸውን አይተው «ፈጠነች፣ ደንቡ ምን ይላል?» አሉ። የፈጣሪ ያለህ! ሰውየው በዕድሜያቸው ደንብ ጠይቀው አያውቁም።

«ከስድስት በላይ ከተገኘ ይቀጥላል» አለች።

አራት ለአራት ወጣ። ጋሽ ገብረሥላሴ ቀጠሉ። ሠላሳ አንድ ቤት በአንድ ሰው ጫንቃ ይጫንና፣ ያ ሰው ሲቀር ሠላሳ አንዱም ይቅር? ምን ዓይነት ጣጣ ነው! ቤት እስክንደርስ ሚልክያስን ስንረግመው ነበር። በራችን ላይ ስልኳ ጮኸ፤ እሱው ነው።

«የት አባክ ነው ያለኸው?» ብላ አንባረቀችበት።

«ቦምቤ ነኝ፣ እትዬ። እናንተ እንደወጣችሁ የሩታ አባት አረፉ። እድር የላት፣ ሶዶ ዘመድ የላት፤ አስከሬን የሚሸኝ ሰው ጠፋ። ፒክአፕ ለምኜ ይዣቸው መጣሁ። ስልኬም ባትሪ ጨርሶብኝ ነበር። ምርጫውን አውቃለሁ፣ ግን ልጅቷን እንዴት ትቻት ልሂድ?»

ፈጠነች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እኔም ስድቤን ዋጥኩ።

«ደግ አድርገሃል» አለችው በመጨረሻ። «እኛም እየመጣን ነው። ሚልክያስ፣ ሩታ ስለ ምርጫው ከጠየቀችህ ለሌላ ቀን ተላለፈ በላት።»

አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ፈጠነች ስትዋሽ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።