ወተቱ የያዘው ወሬ

መቱ ላይ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከሶር ወንዝ በኩል ተነስቶ በአጥሩ ሽንቁር ሾልኮ ጓሮውን ይሞላዋል። ላሚቱ ከወዲያ ቆማ ቀንዷ ብቻ ይታየኛል። ትንፋሿ ከጉሙ ጋር ይቀላቀልና የቱ የእሷ፣ የቱ የሰማዩ እንደሆነ አይለይም። ያቺ ልጅ በራችንን ያንኳኳችው እንዲያ ባለ ጠዋት ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ተመራማሪ ናት። ቦት ጫማዋ ከእግሯ ይሰፋል፤ በትከሻዋ ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን አንግታለች። በዙሪያችን ካሉት ከኖፓም ከሁሩሙም ላሞች ወተት ትሰበስባለች፤ የመቱ ተራ ረቡዕና ቅዳሜ ነው።

«እትዬ፣ የምፈልገው አንድ ጉንጭ የማትሞላ ወተት ናት» አለችኝ። «ወተቱ ውስጥ ሆርሞን የሚባል ነገር አለ። ላሚቱ ጽንስ መያዝ አለመያዟን እሱ ይነግረናል።»

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የግዕዙን ፊደል ከአባቴ ዳዊት፣ የኦሮምኛውን ቁቤ ከልጆቼ ደብተር ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ሆርሞን የሚለውንም ቃል በልጄ የሳይንስ መጽሐፍ አይቼው ነበር፤ በደም ውስጥ የሚሄድ መልእክተኛ ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ ላሚቱን ሳልብ ግንባሬን ከሆዷ አስደግፌ አዳምጥ ጀመር። መልእክተኛው በባዶ እግሩ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው እያለፈ «ተሰናዱ፣ እንግዳ መጥቷል» ሲል ይታየኛል። ሦስት ልጅ አጥብቼ አሳድጌያለሁ። የእኔስ ወተት ምን ወሬ ይዞ ይሆን ልጆቼ አፍ የገባው እላለሁ ለራሴ።

ነገሩ ግን እንዲህ የሚታለምበት ብቻ አልነበረም። ላሚቱ ከእናቴ የደረሰችኝ ናት። ጥጃዋ አድጎ ጡት ሊተው ሲቃረብ እሷ ኮርማ ትፈልጋለች፣ ትጠቃለች፣ አትይዝም። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ነገር ማንጠልጠል አይወድም።

«መሲና ላም ይዞ መቀመጥ ምን ይባላል?» አለኝ አንድ ቀን። «ይህች የመጨረሻ ዕድሏ ናት። አሁንም ካልያዘች ለመስቀል ሥጋ ቤቱ ይወስዳታል።» ፊቴን አየና «እናትሽን የሸጥኩ አታስመስዪው እንጂ» ሲል ጨመረ።

«እናቴን የምታውቅ ላም እኮ ናት» አልኩት።

ሳቀ። ቃሉን ግን አላጠፈም።

በሰኔ መጨረሻ ላሚቱን አስጠቃኋት። ልጅቱም ቀኑን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ባዶ ብልቃጥ ትታልኝ ትሄዳለች፤ ተራዋ ደርሶ ስትመጣ ሞልቼ እሰጣታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብነሳ ጥጃው ገመዱን አውልቆ ከእናቱ ሥር ቆሟል። አፉ ዙሪያ አረፋ ነው። ጡቷን ብስበው፣ ላሚቱን ባባብላት ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ከውጭ የልጅቱ ቦት ጫማ ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማኛል። የሰው ዕቃ ባዶውን እንዴት ይመለሳል? እናቴ ምንም ቢጠፋ የጎረቤት ሳህን ላይ ሁለት ቃሪያ ጣል አድርጋ ነበር የምትመልሰው። ብልቃጧን ይዤ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤቴ ሮጥኩ። ላማቸው ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፤ እሳቸውም እያለቡ ነበር።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አሉኝ በኦሮምኛም በአማርኛም።

«እትዬ፣ ለዚህች የምትሆን ወተት ይስጡኝ።»

ብልቃጧን ገልበጥ አድርገው አዩዋት። «ለድመት ነው?»

«ለሳይንስ ነው።»

«ሳይንስ የሚጠጣው ይችን ብቻ ነው? እንግዲያ ይምጣ፣ ቀላል እንግዳ ነው» ብለው ሞሉልኝ።

ልጅቱ አመስግና ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። እኔም ከእፍረት ዳንኩ ብዬ ረሳሁት።

በነሐሴ ልጅቱ የእንስሳት ሐኪሙን አስከትላ መጣች። ባለቤቴም ቤት ነበር። አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ፤ ቀጭን መስመር ዳገት ወጥቶ፣ እንደ ገደል ቁልቁል ወርዶ፣ መልሶ ይወጣል።

«እዩት እትዬ። የእርስዎ ላም ወተት ነው። ሆርሞኑ ከፍ ብሎ ቢቆይ ኖሮ ይዛለች እንል ነበር። ግን እዚህ ጋ ወረደ፤ ከዚያ መልሶ ወጣ። አልያዘችም ማለት ነው። ግድ የለም፣ ይህን መርፌ ስትወጋ በጥቂት ቀን ውስጥ ኮርማ ትፈልጋለች።»

«ይዛ ቢሆንስ?»

«ይዛ ቢሆንማ ያስወርዳታል። ግን አልያዘችም፤ ወተቱ መስክሯል።»

«ይህች ገደል የየትኛው ቀን ናት?»

ጣቷን ወረቀቱ ላይ አስኬደችና ቀኑን ነገረችኝ። ጥጃው ገመዱን ያወለቀባት ቅዳሜ ናት።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር በባሌና በሐኪሙ ፊት መዋረዴ ነው። ደግሞስ እውነትም ባዶዋን ብትሆን? መርፌው ከመስቀል በፊት የቀረችኝ አንዲት ዕድል ናት፤ በገዛ አፌ ላስጥላት ነው? ላሚቱ ጉሙ ውስጥ ቆማ ታመሰኳለች። ሐኪሙ መርፌውን ሞልቶ ወደ ላይ ቀሰረና አየሩን አስወጣ።

«የዚያን ቀን ወተት የእሷ አይደለም» አልኩ።

የሐኪሙ እጅ ባለበት ቀረ።

«የማን ነው?» አለች ልጅቱ።

«የጎረቤቴ ላም፤ ገና የወለደችው።»

«ገና የወለደች ላም ሆርሞኗ ወርዶ ነው የሚቆየው እኮ። ለምን እትዬ?»

«ባዶውን ልስጥሽ?»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «ባዶውን ቢሰጡኝ እኮ ባዶ ብዬ እጽፍ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ባዶም እንደሚጻፍ እኔ በምን አውቄ።

«ሌላ ሰው እንዲህ ያደርግ ይሆን?» ስትለኝ ልዋሻት አልቻልኩም። «ከኖፓ እስከ ሁሩሙ ብልቃጥ ባዶውን የሚመልስ ቤት አገኛለሁ ብለሽ ነው?»

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። በሳምንቱ ቤት ለቤት ዞራ ጠየቀች። አንዷ ሲጎድልባት ውሃ ሞልታበታለች፤ አንዷ ከእህቷ ላም አልባላታለች። ስትመለስ ደብተሯ ስርዝ በስርዝ ሆኗል። «ለካ ስለካ የከረምኩት ወተት ሳይሆን ይሉኝታ ነው» አለችኝ። ያን ቀን ምሳ ካልበላሽ አትሄጂም ብዬ አስቀመጥኳት፤ ሌላ የምክሳት አልነበረኝም።

መርፌው ቀረ። ባለቤቴ አልተቆጣኝም። «እንግዲህ መስቀልም ደረሰ» ብቻ አለ። ጠዋት ጠዋት ግንባሬን ከላሚቱ ሆድ አስደግፋለሁ፤ የሚሰማኝ ግን የራሴ ልብ ነው።

መስቀል አንድ ሳምንት ሲቀረው ሐኪሙ መጣ፤ ልጅቱም አብራው ነበረች። አሁን ጽንስ በእጅ የሚዳሰስበት ጊዜ ደርሷል አለን። እስከ ትከሻው የሚደርስ ጓንት አጥልቆ እጁን ከላሚቱ ኋላ አስገባ። ባለቤቴ ገመዱን ይዟል። ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከበር ውጭ ቆሞ የቤት ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጥ ይመስላል። ጉሙ በመካከላችን ያልፋል። ልጅቱ እጄን ያዘችኝ፤ መዳፏ እንደ በረዶ ሣጥኗ ቀዝቅዟል።

«አለች» አለ ሐኪሙ ዓይኑን ሳይገልጥ። «አይጥ ታክላለች።»

ባለቤቴ ገመዱን ለእኔ አቀበለኝና ማጭዱን ከግድግዳው ላይ አውርዶ ወደ ወንዙ ወረደ። ሲመለስ ጤዛው ያልረገፈ ሣር እስከ አገጩ ድረስ ታቅፏል።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው?» አልኩት።

«ለአይጧ» አለና ከላሚቱ ፊት ዘረገፈው።