ቶሎ ነይ፣ ሹፌሩ

የልጄ ልጅ ልብስ ስታጥብ ስልኳን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ከኢንተርኔት ዘፈን ትከፍታለች። አንዱ ሲያልቅ ስልኩ ሌላውን ራሱ መርጦ ይቀጥላል። «አኮ፣ የወደድሽውን እያየ አዲስ ያመጣልሻል» ትለኛለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። እውነቷን ነው። እኔም ራዲዮኑን ከተውኩት ቆየሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ያመጣልኝ አዲስ ዘፈን የራሴ ነበር።

«ቶሎ ነይ፣ ሹፌሩ» ሲል ለየሁት። ወንድን «ነይ» ብላ የምትጠራ ሌላ ዘፋኝ የለችም። እኔ የኬንያዋ ሞያሌ ቦረና ነኝ፤ አማርኛ የተማርኩት ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ ከመጣው ሹፌር ባሌ ነው። ያን ጊዜ ወንዱንም ሴቱንም «ነይ» እል ነበር። ሰው ይስቅብኛል፤ ባሌ ግን አንድ ቀን አላረመኝም።

ዘፈኑን ያወጣሁት እሱ ናይሮቢ ሲወርድ መኪናው ውስጥ እንዲሰማው ነበር። ከተማ ካሴት የሚቀዳ አንድ ሰውዬ ነበር፤ ሱቁ ገብቼ ጠረጴዛውን በመዳፌ እየመታሁ ዘፈንኩ። በማግስቱ ስመለስ «ፖሌ፣ ማማ፤ ይቅርታ። ካሴቱን ቴፑ በላው» አለኝ። አመንኩት። ባሌ ሳይሰማው ሞተ።

«የዘፋኟ ስም ማን ይላል?» አልኳት ልጅቷን።

«ያልታወቀች ይላል፣ አኮ።»

ኢንተርኔት ላይ የለጠፈው የዚያ ካሴት ቀጂ ልጅ ነው፤ «ከአባቴ የካሴት ሱቅ» ብሎ። ሰኞ ጠዋት ከሰፈሬ ከቡቲዬ በቦዳቦዳ ሞተር ከተማ ወረድኩ። ሰውየው አርጅቷል፤ እዚያው ሱቅ ተቀምጦ የስልክ ሽፋን ይሸጣል።

«ቴፕህ የበላውን ተፋው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ቶሎ ነይ፣ ሹፌሩን።»

ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ! እሱን እኮ የማዶ ሹፌር ሁሉ እየተሻማ ነው የገዛኝ። ስህተቱን ወደውልሽ!»

«ባሌ እዚህ በር ላይ ሲያልፍስ?»

«ቴፑን አጠፋው ነበር» አለኝ። እንዲህ ቀለል አድርጎ። «አሁን በዚህ ዕድሜሽ ስም ምን ያደርግልሻል?»

ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያን ቴፕ ነበር የረገምኩት። ትቼው ወጣሁ።

ቤት ስገባ ልጅቷን «ከዘፈኑ ሥር ጻፊልኝ» አልኳት። ስሜን ጻፈች። የባሌን ስም ጻፈች። «ቴፑ አልበላውም» የሚለውንም ጻፈች። ከዚያ የዘፈኑ ርዕስ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«አኮ፣ ‹ነይ›ን ‹ና› ብዬ ላርመው?»

«ከነካሽው ወዮልሽ!» አልኳት።