የእናቴ ስንኝ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን አላውቅም፤ የአንድ ሰፈር ዝማሬ ነው፣ ከሰፈሩ ውጭ የሚያውቀው አልነበረም። ግን ዛሬ ጧት ጎረቤቴ የረጠበ ከበሮ ፀሐይ ላይ ሲያደርቅ የቆዳው ሽታ አጥር ተሻግሮ መጣና ወደ እንጦጦ ቁልቁለት፣ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰፈራችን ሴቶችና ወንዶች ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ጥዶቹ ሥር ከገደሉ አፋፍ ቆመው ይዘምሩ ነበር። መሪዋ እትዬ ደስታ ነበሩ። ከበሮ የሚመቱት አያ ድንቁ ድምፃቸውን ሲያነሡ እናቴ «አያ ድንቁ፣ አህያ ጠፍቶብዎት ነው?» እያለች ሁሉንም ታስቅ ነበር። እያንዳንዱ ዘማሪ የራሱ ስንኝ ነበረው። ባለቤቱ መንገድ ከሄደ፣ ተራው ሲደርስ ሁሉም ዝም ብለው ይጠብቁታል፤ ከበሮው ብቻ ይመታል። ከሞተ ልጁ ይወርሰዋል። በሕይወት ያለን ሰው ስንኝ መንካት ግን ሰውየውን እንደ መቅበር ይቆጠር ነበር።

ከብቱ ባለቀበት በዚያ ክፉ ዘመን እናቴ እህል ፍለጋ በካራ በኩል ወረደች፤ አልተመለሰችም። በወሩ ተራዋ ሲደርስ ዝም አልን። ያኔ ከገደሉ ሥር፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ስንኟ ተሰማ። የገደል ማሚቶ ነው እንዳንል ከእኛ የዘመረ የለም፤ ደግሞም ቃሉን መሐል ላይ ቆርጣ ትንፋሽ የምትስበው እሷ ብቻ ነበረች። በሚቀጥለውም ወር ተሰማ፤ ከዚያም በኋላ። ማንም አላወራበትም፤ አያ ድንቁ ብቻ ስንኟ እስኪያልቅ ከበሮውን አለዝበው ይመቱ ነበር። እኔማ ወሩ እስኪደርስ እጓጓ ነበር። ድምፁ ግን በመጣ ቁጥር ይበልጥ እየቀረበ፣ ይበልጥም እየደከመ ሄደ።

አንድ ቀን እትዬ ደስታ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እናትሽ ደክሟታል። አሳርፊያት።»

«ሞታለች ማለትዎ ነው፣ እትዬ?»

«እኔ አልልም። እሱን የምትይው አንቺ ነሽ።»

በበዓሉ ዕለት፣ በጋ ሆኖ ሳለ፣ ጉሙ እስከ ጉልበታችን ሸፍኖን ነበር። ተራዋ ደረሰ። ድምፁ ከአፋፉ ሥር፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቀርቦ ጀመረ። ዓይኔን ጨፍኜ አብሬው ዘመርኩ። መሐል ላይ አንድ ላይ ትንፋሽ ሳብን፤ የቀረውን ብቻዬን ጨረስኩት።

ዛሬ ከእነዚያ ዘማሪዎች የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ጥዶቹም ተቆርጠዋል። የሁሉንም ስንኝ አውቀዋለሁ፣ አብሮኝ ዝም የሚል ሰው ግን የለም። እናቴ የት እንደወደቀች የነገረኝ የለም፤ ሙት ዓመቷን የማስበው ስንኟን በጨረስኩበት ቀን ነው፦ የካቲት ፲፮ ቀን ፲፰፻፹፪ ዓ.ም.