ሶስናን ልመልስ ሄጄ፦ በስቶክሆልም አሮጌ ከተማ በእግር

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ወደ ስዊድን አገር የሄድኩት ልጄን ሶስናን ይዤ ልመለስ ነበር። ሶስና ስቶክሆልም ውስጥ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳለች። አባቷ «ይበቃታል፤ ሄደሽ ይዘሻት ነይ» አለኝ። እሷ ደግሞ ሁለት ዓመት ጨምራ ማዋለድ ልማር ብላ ለምናዋለች። እሱ የመርካቶ ሱቁን ጥሎ መሄድ ስለማይችል፣ በመጨረሻ ነገሩን እዚያው አይቼ እንድቆርጥ ለእኔ ተወው። እኔ ልጄን ወደ ጎረቤት ስልካት እንኳ እስክትመለስ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅ ሴት ነኝ። ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። አውሮፕላኑ አቴና አርፎ፣ ፍራንክፈርት አድረን፣ በማግስቱ ስቶክሆልም እስክንደርስ የወንበሩን እጀታ አልለቀቅኩም።

ሶስና የምትኖረው ሶደርማልም በሚባለው ከፍታ ላይ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ዘንድ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። ሴትዮዋ ከውጭ ስትገባ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ትሄዳለች። እንግዳም ቢመጣ እንደዚያው ነው። ይህ ልማዳቸው ደስ አለኝ፤ ንጹሕ ሕዝብ ነው አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት

«ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆስፒታል ነኝ» አለችኝ ሶስና ካፖርቷን እየደረበች። «አንቺም መስኮት ስታዪ አትውዪ። ወርደሽ አሮጌውን ከተማ ዙሪው።»

«ብቻዬን?»

«ብቻሽን። እኔም ስመጣ ማንም አልመራኝም። ዙሪና ከዚያ ለአባቴ የምትነግሪውን ንገሪው።»

«ብጠፋስ?»

«ደሴት እኮ ነው እማዬ። በየትም ብትሄጂ ውኃው ያቆምሻል።»

«የምታጽናኚኝ በውኃ ነው?» አልኳት። ሳቀችና መንገዱን በወረቀት ላይ ሣለችልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስሉሰን ከሚባለው ቦታ፣ ከጀልባው ማቆሚያ ልንገናኝ ተቃጠርን።

ነጠላዬን በካፖርቴ ላይ ደርቤ ወጣሁ። ያካፋል። መኪናው የሚሄደው በግራ ነው። በእኛ ከተማ በቅርቡ ወደ ቀኝ ስለተዛወረ እግሬ ገና ሁለቱንም አላመነም፤ ስሻገር በዚህም በዚያም አይቼ፣ ደግሜ አይቼ ነው። ቁልቁል ወርጄ ድልድዩ ላይ ስደርስ ግን ፍርሃቴን ረስቼ ቆምኩ። በግራም በቀኝም ውኃ ነው። ነጫጭ መርከቦች ከቤቶች በር ላይ እንደ በቅሎ ታስረዋል። ከፊቴ አሮጌው ከተማ ጋምላ ስታን፣ ጣሪያ በጣሪያ ላይ ተደራርቦ ከባሕሩ ወጥቷል።

ጠባቧ መንገድ

ድልድዩን እንዳለፍኩ ካለ አንድ ዳቦ ቤት ጥቅል ዳቦ ገዛሁ። ሲቆርሱት ሄል ሄል ይሸታል። ቅቤ እንዳለበት ስላስታወቀኝ ቀኑ ረቡዕ ባለመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እየበላሁ ሶስና በወረቀቱ ላይ ያከበበችልኝን ደረጃ አገኘሁት። በሁለት ግንብ መካከል የገባ መንገድ ሲሆን ክርኔን ብዘረጋ ሁለቱንም ግንብ ይነካል። ግማሹን እንደወጣሁ ከላይ አንድ ወፍራም ሽማግሌ ሲወርዱ ተገናኘን። ማለፊያ የለም። እሳቸው ባርኔጣቸውን አነሡና፣ የኋሊት አንድ በአንድ እየረገጡ ደረጃውን በሙሉ ተመልሰው ወጡልኝ። እኔም እየሰገድኩ ተከተልኳቸው። አናት ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ የደረስኩት ቀይና ቢጫ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው የቆሙበት አደባባይ ነው። ካፊያው አቁሟል። አንዲት ወጣት ሠዓሊ ሸራዋን ተክላ ቀዩን ቤት ትሥላለች። ከኋላዋ ብዙ ቆምኩ። ዞር ብላ አየችኝና ብሩሿን ነጭ ቀለም አስነክታ ሥዕሉ ላይ፣ ከቤቱ ደጃፍ አጠገብ ጠብ አደረገች። ጣቷን ወደ ነጠላዬ ዘረጋች። እኔ መሆኔ ነው። ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ።

በቤተ ክርስቲያኑ

ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ከአደባባዩ ጀርባ ነው። ግንቡን ተሳልሜ ገባሁና ጫማዬን በር ሥር አወለቅኩ። በቤታቸው የሚያወልቁ ሰዎች በእግዚአብሔር ቤት ተጫምተው ይገባሉ ብዬ እንዴት ልጠርጥር? የሌላ ሰው ጫማ ባላይም ማንም አልገባ ይሆናል አልኩ።

ወደ ውስጥ ስዘልቅ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፈረሱ ጋር ከላይ ቆሞ አየሁት። ከእንጨት የተቀረጸ፣ ከእውነተኛ ፈረስ የማያንስ። ዘንዶው እንደ አጋዘን ቀንድ አብቅሏል። እዚያ የማውቀው ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ተንበረከኩ። በእኛ ሥዕል ከዘንዶው ያዳናት ብሩታዊት ዛፍ ላይ ናት። እነሱ ግን ከፈረሱ ርቃ ለብቻዋ ተንበርክካ ስትጸልይ ቀርጸዋታል። የሰው ልጅ ናት፤ አጠገቧ እናት የለ፣ ዘመድ የለ። ስለ ሶስና ብዙ ለመንኩ። ያን ሰዓት ሐሳቤ ይዣት መመለስ ነበር።

ወደ በሩ ብመለስ ጫማዬ የለም።

በካልሲ እንዴት ስሉሰን እደርሳለሁ? ልጄስ እንዲህ ሆኜ ብታየኝ? ሻማ የምታስተካክል አሮጊት ጠባቂ ዘንድ ሄጄ እግሬን አሳየኋት። «ጫማዬን የኔ እናት፣ ጫማዬን» አልኳት ባማርኛ። ክንዴን ይዛ ወደ አንዲት ጓዳ ወሰደችኝ። ጫማዬ ከማሞቂያው አጠገብ ቆሟል፤ ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበታል። ለካ ዝናብ ስላረጠበው ያወለቅኩት መስሏታል። ጋዜጣውን እየጎተተች አወጣች፣ እጇን አስገብታ ዳሰሰች፣ ራሷን ነቀነቀችና አንደኛውን አዙራ እንደገና አሞቀችው። እስኪደርቅም በርጩማ ሰጠችኝ። የማውቃትን የስዊድን ቃል «ታክ» ብዬ አመሰገንኳት። ሞቅ ያለውን ጫማ አጥልቄ ስወጣ እንባዬ መጣ።

ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ቅዱስ ጊዮርጊስን ዳግመኛ፣ በነሐስ ተሠርቶ ደጅ ላይ አገኘሁት። አጠገቡ ሁለት ሴቶች የገበያ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ያወራሉ። እኔም እንደ አገሬው ሰው ቆሜ ትንሽ አረፍኩ።

በጀልባው

ሶስና ከእኔ ቀድማ ደርሳ መንገድ መንገድ ታያለች። «የት ነበርሽ?» አለችኝ፤ የእኔው ድምፅ ነው የወጣት። የሆንኩትን ሁሉ ስነግራት ጀልባው ውስጥ ሰው ዞሮ እስኪያየን ሳቀች።

«እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ጫማ የሚያወልቅ የለም።»

«አንቺስ?»

«እኔ አወልቃለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን በእጄ እይዘዋለሁ።»

በማዶው ደሴት ያወረደችኝ ከባሕር ሥር የወጣ የጥንት መርከብ ልታሳየኝ ነው። መርከቡ የቆመበት ቤት ውስጥ ጉም ሞልቷል። እንጨቱ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ከየቧንቧው ውኃ ይረጩበታል። ጥቁር፣ ግዙፍ፣ አንበሳና ሰው የተቀረጸበት መርከብ ነው። ገና በመጀመሪያ ጉዞው፣ ሕዝቡ ከዳር ቆሞ እያየው ሰጠመ አለችኝ። እኔ ያሰብኩት ዳር የቆሙትን እናቶች ነው።

«ከዚያ በኋላ መርከብ መሥራት ተዉ?»

«ለምን ይተዋሉ?»

መርከቡን ዞርነው። ፊቷ በጉሙ ርሷል። «ለአባቴ ምን ልትይው ነው?» አለችኝ ሳታየኝ።

«ክረምት ጫማሽ ሲረጥብ ጋዜጣ ትጠቀጥቂበታለሽ?»

«አከራዬ አስተምራኛለች።»

«እንግዲያው ማዋለዱን ተማሪ» አልኳት። እጄን እንደያዘች መርከቡን ሁለተኛ ዞርነው።

አዲስ አበባ

አውሮፕላን ጣቢያ ባለቤቴ ከእኔ ኋላ ኋላ አየ።

«ልጅቷስ?»

«ሁለት ዓመት ትቆያለች።»

«ማን ፈቀደ?»

«እኔ።»

«አንቺ?» አለና ሻንጣዬን አንሥቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ፍርሃቴ በዚያ ጉዞ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም አለ። ድሮ ግን ስሰጋላት የሚታየኝ ጨለማ ብቻ ነበር። አሁን የምትሻገረው ድልድይና የምትወርደው ደረጃ ይታየኛል። ሰው በመሄድ የሚያገኘው ይህን ይመስለኛል።

ማታ ከእራት በኋላ ባለቤቴ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። «በይ ንገሪኝ» አለ።

«ከየት ልጀምር?»

«ልጅቷ ጠዋት ከምትወጣበት በር» አለኝ።