ደጋ ስወጣ ይለቀኛል

አባቴን ካርቱም ውስጥ የሚያመው ነገር ሁሉ ሙቀት ነው። ጉንፋን ሲይዘው ሙቀት፣ ጉልበቱን ሲቆረጥመው ሙቀት፣ ከሱቁ እስከ ቤታችን ያለችውን አጭር መንገድ ለመጨረስ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆምም፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሙቀት። የሰፈራችን ሐኪም ደረቱን አዳምጦ "ልብህ ደህና አይደለም፤ ስፔሻሊስት ይይህ፤ ከፍታ ቦታም እንዳትወጣ" ቢለው፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና "በረሃ ተወልዶ በረሃ ያደገ ሰው ስለ ከፍታ ምን ያውቃል? እኔ ደጋ ስወጣ ይለቀኛል" አለኝ።

ደጋ የሚለው የስሜንን ተራራ ነው። በተማሪነቱ ደርግን ሸሽቶ በእግሩ ሱዳን የገባው በዚያ በኩል ነው። ዛሬ አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈራችን ሱቅ ከፍቶ ፎቶኮፒ ያነሳል። ያንን ተራራ ግን በየአርቡ ሳጃና ካፌ ቁጭ ብሎ ይሻገረዋል፤ በረባሶ አድርጎ፣ እፍኝ ቆሎ ይዞ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ሳይል። በተሻገረው ቁጥር ተራራው ይረዝማል፣ ቆሎው ያንሳል። አብረውት የተሰደዱት እኩዮቹም ሻያቸውን እየጠጡ "እውነት ነው፣ እኛ ምስክር ነን" ይላሉ። ከመካከላቸው አንደኛው ከወንበር ሲነሳ ወገቡን ይዞ ነው። አባዬ "የቆላ ወገብ!" እያለ ያሾፍበታል፤ ሰውዬውም ይስቃል።

እኔ ካርቱም ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ከፍ ያለ ቦታ የማውቀው ድልድይ ነው። አንድ ጊዜ፣ አብረውኝ የተማሩ ሁለት ጓደኞቼ ስሜንን በእግር ሊወጡ ተነሱና እኔም ተከተልኩ። አባዬ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ውልም አስገባኝ። "አየሩን ቅመስልኝ። ጉልበት ከሰጠህ እኔንም ትወስደኛለህ። ካልሰጠህ ስፔሻሊስትህ ዘንድ እሄዳለሁ።" ሞኝ አይደለሁ፣ እሺ አልኩ።

እንግዲህ ዕቃው መጣ። አርባ ዲግሪ ውስጥ የሚኖር ሰው የብርድ ልብስ ከየት ያመጣል? ኦምዱርማን ገበያ ሰልባጅ የሚሸጥ ሰውዬ ከክምሩ ሥር ላባ የተጠቀጠቀ ካፖርት ጎትቶ አወጣልኝ። ለብሼ ስሞክረው ገበያተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ከበበኝ። "ያ ሐበሺ፣ ብርዱ የት ነው? ለእኛም አሳየን እንጂ!" ላቤ ባፍንጫዬ ጫፍ እየተንጠባጠበ ዋጋ ተከራከርኩ። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ "ዋላሂ፣ ተገላገልኩ!" አለ፤ ፊት ለፊቴ።

ጫማው ደግሞ እግር እስኪለምደው መሄድ አለበት ተባለ። ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚታሰር፣ ድንጋይ የሚያክል ቡትስ ነው። እሱን አጥልቄ በዚያ ፀሐይ ድልድዩን በእግሬ ስሻገር፣ የሚኒባስ ረዳቶች በበሩ ተንጠልጥለው "ያላ፣ ግባ! በነፃ!" ይሉኝ ነበር። እብድ መስያቸው አዝነውልኝ ነው። አባዬ ግን ጫማውን አይቶ "እኛ በበረባሶ ነው የወጣነው" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹም ምስክር ሆኑ።

ስሜንስ? በመጀመሪያው ቀን የደጋ ሰው ልጅ ነኝና ደረቴን ነፍቼ ከፊት ከፊት ሄድኩ። በማግስቱ ራሴ ለሁለት የተሰነጠቀ መሰለኝ፤ የበላሁትን በሙሉ ካፖርቱ ላይ አስመለስኩት። ጓደኞቼ ወደ ላይ ቀጠሉ። እኔን ዕቃችንን የጫነልን ባለበቅሎ እንደ ጤፍ ጆንያ ጭኖ አወረደኝ። ቡትሱ ምንም አልሆነም፤ አልተቧጨረም እንኳ።

በመተማ ስመለስ ፍርሃት ያዘኝ። እውነቱን ብነግረው ያንን ተራራ ልነጥቀው ነው፤ ከእሱ ሌላ የቀረው አገር የለም። ብዋሸው ደግሞ ሄዶ እዚያው ሊቀር ነው። ሱቁ ስገባ ማሽኑ ወረቀት እየተፋ ነበር።

"አባዬ፣ አየሩ ጉልበት አልሰጠኝም። አስመለሰኝ። በበቅሎ ነው የወረድኩት።"

"ጫማው ነው" አለ።

"ጫማው አይደለም።"

"በሶ አልያዝክማ! በሶ ሳይዙ ደጋ ይወጣል እንዴ?"

ካፖርቱንም ወነጀለ፣ በቅሎዋንም ወነጀለ፣ ጓደኞቼንም አልማራቸውም። ከዚያ ማሽኑን አጠፋና "ውል ውል ነው" አለኝ። በአርቡ ሳጃና ውስጥ ልጁ በቡትስ ምክንያት እንደታመመ ሁሉም ሰማ። ይሁን፣ ምን አገባኝ፣ ቀጠሮው ተይዟል።

የስፔሻሊስቷ መጠበቂያ ክፍል ኤርኮንዲሽኑ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ አገኘነው። አባዬ ተንቀጠቀጠ። ለሻጩ ልመልሰው ብዬ በኮንትራት መኪናችን ጭኜው የነበረውን ያን ካፖርት አመጣሁለት፤ ታጥቧል፣ ትንሽ ግን ይሸታል። ለበሰው። የተቀመጠው ሕዝብ አፉን ከፍቶ አየን። እኔም ይሄ ካፖርት በመጨረሻ ሥራ አገኘ ብዬ ሳቅሁ።

ተራችን ደርሶ ገባን። ሐኪሟ በዓረብኛ "ትንፋሽ ማጠር የጀመረህ መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችው። ሙቀት ሊል ነው ብዬ መልሱን ልቀድመው አፌን ስከፍት፣ በእጁ ዝም በል አለኝ።

"አርባ ዓመት ይሆነዋል" አላት። "ስሜን ተራራ ላይ። መራመድ አቅቶኝ ወደቅሁ፤ ጓደኞቼ እየተፈራረቁ አዝለውኝ ነው የተሻገርኩት።"

እሷ ጻፈች። እኔ ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።

"የትኞቹ ጓደኞችህ?" አልኩት በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ።

የካፖርቱን አዝራር እስከ አንገቱ ቆለፈ። "የትኞቹ ይሆናሉ? ሳጃና ያሉት ናቸዋ። አብዛኛውን መንገድ ያዘለኝ ግን ያ ወገቡን የሚያመው ነው።"